የጎረሰ ጠመንጃና የተናቀ እጅ

በኛ አገር ጠመንጃ ይፎከርበታል እንጂ በወጉ አይያዝም። ይህን ስል ጉና ግርጌ የተወለደ ወንድ ሁሉ ብድግ ብሎ እንደሚቆጣኝ አላጣሁትም። እኔም ከዚያው ከጉና ግርጌ የበቀልኩ ነኝና ቁጣውን ከነሥሩ አውቀዋለሁ። «እኛን ነው ጠመንጃ አያያዝ አታውቁም የምትል? ዝናር ታጥቀን የተወለድነውን!» ይሉኛል። መታጠቁንስ እናውቅበታለን። በሠርግ፣ በጥምቀት፣ በልቅሶ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ለመንጎራደድ አስተማሪ አያሻንም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰደፉን በቅቤ እያሸን የአፈሙዙን ውስጥ ዝገት ሲበላው የማናየው ስለምንድን ነው? ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ጥይት ጎርሶ የሚያድረው ስለምንድን ነው? ደግሞስ ለመወልወል ያወረድነው መሣሪያ ጠላትን ትቶ የገዛ ልጃችንን የሚያቆስለው ስለምንድን ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና የሚጠላኝ ከወዲሁ ይጥላኝ። ብረቱን አክብረን ብረቱን የሚያውቀውን እጅ ስለናቅን ነው።

የሰው ጓዳ ከመፈተሽ በፊት የራስን መፈተሽ ደግ ነውና ከቤቴ ልጀምር። አያቴ በአርበኝነቱ ዘመን ከጣሊያን የማረካት አጭር ጠመንጃ ነበረችው። ጣሊያኖቹ ካርካኖ ይሏታል፤ ሞዴሏ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1891 ሲሆን የአፏ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። የመንደራችን ሽማግሎች የለመዱት ውጅግራን ነበር። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ «ፊዚ ግራ» በኛ አፍ ሲጠራ ነው፤ አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ ጭሱ የጎጆ ቃጠሎ የሚያህል። ከሱ ጎን ሲያቆሟት የአያቴ ጠመንጃ መርፌ መሰለቻቸው። «ይቺማ ለቆቅ ናት» እያሉ ይስቁባት ነበር አሉ። አፈ ጠባቧን መሣሪያ መናቅ ያን ጊዜ ቤታችን ገባ። መርፌ የጭቃ ግድግዳ በስታ እንደምታልፍ ማን ልብ አለ?

እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ጠመንጃዋ አልተኩስም አለች። አያቴ ከሞተ ወዲህ የወረሳት አጎቴ ነበር። ከመንደራችን ወንዝ ማዶ አንድ ባለ እጅ ይኖር ነበር፤ ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ ማጭድ ይሞርዳል፣ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። በቀን ብርሃን ወደ ቤቱ የሚሄድ ጨዋ ነኝ ባይ አልነበረም። አጎቴም ሰው እንዳያየው አመሻሽ ላይ ጠመንጃዋን በጋቢው ሸፍኖ፣ እኔን አስከትሎ ሄደ። የቤቱ እመቤት እንጀራ አቀረበች። አጎቴ «በልተን ነው የመጣን» አለ። አልበላንም ነበር።

ሰውዬው ጠመንጃዋን ሲቀበል ያደረገውን ዛሬም በዓይኔ አያለሁ። መጀመሪያ አፏን ሰው ወደሌለበት፣ ወደ መሬት መለሰ። ቀጥሎ መዝጊያዋን ስቦ ከፈተ። አንዲት ጥይት ዱብ አለች። አጎቴ ክው አለ። ሰውዬው ጣቱን ወደ ጥይቱ ማደሪያ ሰድዶ ዳበሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እሳቱ የቀረበው።

«ጌቶች፣ ጎርሳ ነው ያመጧት» አለ ዝግ ብሎ። «መርፌዋ ስለተሰበረ ዝም አለች እንጂ ጥይቷስ ውስጥ ነበረች። ብረት አይታመንም። ዓይንም ያታልላል። ሁልጊዜ ከፍተው በጣትዎ ይዳብሱ።»

«አንተ ሥራህን ሥራ!» አለው አጎቴ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሳቀ። «ቀጥቃጭ ደግሞ ጠመንጃ ሊያስተምረኝ!» እኔም አብሬው ሳቅሁ።

በዓመቱ ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ለሠርጉ ይተኮሳልና አጎቴ ጠመንጃዋን አውርዶ ሊወለውል ተቀመጠ። የካርካኖ ጠመንጃ አንድ ጠባይ አላት። ስድስት ጥይቶች በአንድ የቆርቆሮ ማቀፊያ ተይዘው ይገባሉ፤ የመጨረሻዋ ጥይት ወደ ማደሪያዋ ስትገባ ባዶው ማቀፊያ በታች በኩል ወልቆ ይወድቃል። ስለዚህ ከታች ሆኖ ለሚመለከታት ባዶ ትመስላለች፤ አንዲቷ ግን ከላይ ተቀምጣለች። አጎቴም ከታች አየ። «ባዶ ናት» አለ። አልከፈተም፣ አልዳበሰም። ሞላዋን ለማላላት ቃታውን ሳበ።

ጥይቷ የጓዳውን የጭቃ ግድግዳ አልፋ፣ ለሠርጉ እንጀራ የምትጋግረውን ታላቅ እህቴን ጉልበቷ ላይ መታቻት። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በቃሬዛ ደብረ ታቦር አደረሷት፤ ነፍሷ ተረፈ። እግሯ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፍም።

ጩኸቱ ጋብ ሲል የመንደሩ ሰው ምክንያት ፍለጋ ተቀመጠ። አንደኛው «ባዶ ጠመንጃ ሰይጣን ይተኩሰዋል» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ሰይጣን ምን በወጣው! አምና ቡዳው እጁን አሳርፎባት የለ? ዓይኑን ጥሎባት ነው» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ረጋ። ሳምንታት ሳያልፉ ያ ባለ እጅ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከወንዝ ማዶ ታጣ። የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ምን ብሎ እንዳስጠነቀቀ እኔ በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። «ብናገርስ ልጅን ማን ይሰማል?» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ማመካኛ ነው። አልተናገርኩም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ ምስክርነቴ ነው።

እንግዲህ ያን ሰይጣን ቀረብ ብለን እንየው። ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ ማንም ቢስበው አይተኩስም፤ ሰይጣንም ቢሆን ባሩድ ከየት ያመጣል? የገደለንና ያቆሰለን ያልተከፈተ መዝጊያ ነው። በየቤቱ «ባዶ ነው» ተብሎ የተተኮሰውን ጠመንጃ ሁሉ ታሪኩን ብትጠይቁ መጨረሻው ይኸው ነው። አንድ ሰው አይቻለሁ ብሎ ሳያይ ቀርቷል። ይህን ስህተት ስህተት ነው ብንለው ኖሮ ልጆቻችንን ከሱ እናድን ነበር። ሰይጣን ነው ስላልነው ግን ጠበል ረጭተን መልሰን ሰቀልነው፤ እንደ ጎረሰ።

የሚያስገርመው ይህ ሁሉ የሚሆነው የት ምድር ላይ ነው? ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ወናፍ ያስነፉባት፣ ነሐስ ያስቀለጡባት፣ በ1859 ዓ.ም. ግድም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስወለዱባት ጋፋት! ያን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ሲያስጎትቱት መንገድ እየተጠረገ ወራት ፈጀ። ንጉሡ አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ መሣሪያ ከውጭ የሚለመን ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚሠራ ነገር መሆኑ። እኛ ከታሪካቸው መርጠን የያዝነው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የጠጡትን ሽጉጥ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የመድፉን አምሳያ አቁመናል፤ ደግ አደረግን። ግን ከጋፋት ሠራተኞች ስማቸው ተጽፎ የምናገኘው ዋልድማየርን የመሳሰሉት አውሮፓውያን ናቸው። ከሰል ያከሰለው፣ ወናፍ የነፋው፣ ቅልጡን ያፈሰሰው ያገር ልጅ ስሙ ማን ነበር? ልጆቹስ ከማን ጋር ማዕድ ቀረቡ?

«አሮጌ ነገር ነው፤ ቀርቷል» የሚለኝ አይጠፋም። ዐፄ ምኒልክም እንዲቀር ፈልገው ነበር። ሠሪውን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚያወግዝ አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን በሹክሹክታ ይኖራል። በጎንደር ምድር ብረቱንና ሸክላውን ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፣ ከዚያም ወዲህ፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሲሄዱ እጃቸውን ይዘው ነው የሄዱት። የኛ ሰው ማረሻው ሲደነዝዝ ነው የጎደለው ነገር ትዝ ያለው። ጠመንጃው ሲበላሽማ አሁንም አመሻሽ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ጠመንጃ እንዴት እንደሚወለወል ሳልጽፍ ባልፍ እኔም ሌላ ፎካሪ ሆንኩ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ባለ እጅ ያሳየኝን፣ በኋላም አንብቤና ከሚያውቁ ወታደሮች ጠይቄ ያጠራሁትን ላስቀምጥ።

ከሁሉ በፊት ልጆች ይውጡ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት የማያሳልፍ ነገር ወዳለበት ይዙር፤ የጭቃ ግድግዳ አያቆምም። ካዝና ያለው መሣሪያ ከሆነ መጀመሪያ ካዝናው ይውለቅ፤ ከዚያ መዝጊያው ይሳብ። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። ካዝናው ሳይወልቅ መዝጊያውን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን ያጎርሳል፤ ከዚያም ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ይላል። ክላሽ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ብዙው ጉድ ከዚህ ነው የሚመጣው። ከተከፈተ በኋላ በዓይን ይታይ፣ በጣት ይዳበስ። ጥይቶቹ በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዱ። ውልወላው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዝገቱ ነው። የድሮ ጥይቶች መለኮሻ ሲቃጠል የገበታ ጨው የሥጋ ዘመድ የሆነ ጨው አፈሙዙ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠራል። የኛ ሰው ተኩሶ ሲገባ ዘይት ያፈስበታል፤ ዘይት ግን ጨው አያሟሟም። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ጥይት የተተኮሰ ጠመንጃ መጀመሪያ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው። «ብረት በውኃ ይታጠባል እንዴ?» ብሎ የሚስቅ ሰው ሳቁን ጨርሶ አፈሙዙን ብርሃን ላይ ቢያየው የዓመታት ጉድጓድ ተቆፍሮ ያገኘዋል። የክላሽ አፈሙዝ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ይህን ግፍ ይችለዋል። ምንሽርም ሆነ ካርካኖ ግን ያን ልባስ አያውቁም።

ሦስተኛው መወልወያው ነው። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ አንስቶ በአፈሙዙ በኩል የሚሰነቅር ስንቱ ነው! ጥይት አፈሙዙን ስትለቅ አቅጣጫዋን የምታገኘው ከመጨረሻዋ ጠርዝ ነው፤ ጠርዟ ከተፋቀች ጠመንጃው ዕድሜ ልኩን ይዋሻል። መዝጊያው የሚወልቅ ከሆነ ከኋላ፣ ከጥይቱ ማደሪያ በኩል ይወልወል። የማይወልቅ ከሆነም ዘንጉ ጠርዙን እንዳይነካ በጥንቃቄ ይግባ። አመድና አሸዋማ ለድስት እንጂ ለአፈሙዝ አይደሉም፤ ውስጡ ያሉትን ጠመዝማዛ መስመሮች ይበሏቸዋል።

አራተኛው ቅባቱ ነው። ቅቤ ይሻግታል። የኑግ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይረጋል፤ በጉና ብርድ መርፌውን የሚያሳስረው እሱ ነው። ስስ የማሽን ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ በዝቶ የተቀባ ዘይት አቧራና ጥላሸት ይሰበስባል። ከመተኮሱ በፊት ደግሞ አፈሙዙና የጥይቱ ማደሪያ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ።

አምስተኛው ማደሪያው ነው። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከውጭ ብርድ ጠጥቶ የገባ ብረት ጭስና ሙቀት ወዳለበት ቤት ሲገባ ያልበዋል። ያን ላብ ሳይጠርጉ ቆዳ አፎት ውስጥ መክተት ለዝገት ቤት መሥራት ነው። ይጠረግ፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቆለፍ፣ የሚቻል ከሆነ መዝጊያው ለብቻው ይቀመጥ። ጥይቱም እንዲሁ ለብቻው።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይነሱብኛል። የመጀመሪያው «ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ ዱላ ነው፤ ሌባ ሲመጣ ቁልፍ ስፈልግ ልሙት?» ይላል። አልቀልድበትም፤ ሌሊት በረቱ የተሰበረበት ሰው ነው ይህን የሚለው። ግን ይቁጠርልኝ። በመንደሩ በሌባ እጅ የሞተውንና «ባዶ ነው» በተባለ ጠመንጃ የቆሰለውን ጎን ለጎን ይቁጠር። ከቆጠረ በኋላ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ይፍረድ።

ሁለተኛው የከተማው ጨዋ ነው። «ጠመንጃ ይውደም ማለት ሲገባህ እንዴት እንደሚወለወል ታስተምራለህ? ደም አፍሳሽ!» ይለኛል። ወንድሜ፣ አንተ ይውደም ስላልክ አልወደመም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጉና ድረስ ሲመጣና ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ስትደበደብ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ክልሉ እንደገና በግጭት ሲታመስ፣ ጠመንጃ ያልነበረበት ቤት ጠመንጃ ገባበት። ከየት እንደመጣና ማን እንደተኮሰበት የማይታወቅ፣ አያያዙን ያላስረከበ መሣሪያ ነው የገባው። የማልወደው እንግዳ ቤቴ ገብቷል ብዬ ዓይኔን ብጨፍን የሚጎዱት ልጆቼ ናቸው። የሰላሙን ጸሎት አብሬህ እጸልያለሁ፤ እስኪደርስ ግን መዝጊያው ይከፈት።

ሦስተኛው ባለ ወረቀቱ ነው። «የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለልህ፤ ፈቃድ አውጣ፣ በቃ» ይላል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ወረቀት የጎረሰ ጥይት አያወጣም። የመሣሪያውን ቁጥር በመዝገብ የሚጽፈው ሰው መሣሪያው ሲከፈት ጣቱን ሰድዶ ያውቃል ወይ? እሱን ማን ያስተምረው? የሚያስተምረው ባለ እጅ ነበር። አባረርነው።

ስለዚህ ክርክሬ ባጭሩ ይኸው ነው። መንከባከብ የወንድነት ጉድለት፣ ማወቅ የቀጥቃጭ ዕጣ፣ መፎከር የጨዋ ሥራ አድርገን የደለደልነው ድልድል ልጆቻችንን አስከፍሎናል። ፉከራውን ተዉ አላልኩም፤ አባቶቼ ፎክረው ሞተዋል። ግን በፉከራው ውስጥ ጠመንጃውን ያቀናው፣ መርፌውን የተካው፣ «ከፍተው ይዳብሱ» ያለው ሰው አንዲት ስንኝ ይድረሰው። ከስንኙ ይልቅ ደግሞ እንጀራው ይቀመስ። የቀረበልንን ማዕድ «በልተን ነው የመጣን» ብለን የገፋን ዕለት ነው ምክሩንም የገፋነው።

አጎቴ ከዚያ ቀን በኋላ ጠመንጃ ሳይነካ ሞተ። እህቴ ግን አለች። ዛሬም የምትኖረው እዚያው ነው፤ ደጇ ላይ ዱላዋን ተደግፋ ትቆማለች። ጠመንጃ የያዘ እንግዳ ሲመጣ፣ ዘመድም ይሁን ሹም፣ «ቤት ለእንግዳ» ከማለቷ በፊት አንድ ነገር ታዛለች።

«ክፈትና አሳየኝ» ትላለች።

ይከፍታል። እሷም ጎንበስ ብላ ጣቷን ትሰዳለች።